ማረሻ ወይስ ሐውልት?

እንደ ሺንሺቾ ባሉ የከምባታ ከተሞች ብረት ተጥሎ አይቀርም። የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲሰበር ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ማረሻ ወይም ማጭድ ሆኖ ይመለሳል፤ አሮጌ ቸርኬ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የትምህርት ቤት ደወል ይሆናል፤ ያለቀ ጎማም ጫማ ይወጣዋል። ሁሉም ዕቃ ሌላ ሥራ በሚያገኝበት አገር፣ ከወዳደቀ ነገር ሐውልት ሠርቶ አደባባይ ማቆም ምን ይባላል? ለሥራ የሚበቃውን ለዓይን ብቻ ማዋል ብክነት አይደለምን?

ይህን ጥያቄ በግልጽ የተጋፈጠችው የሞዛምቢክ የወደብ ከተማ ማፑቶ ናት። ከ1977 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ አገሪቱ ከውጭ በገባ ጠመንጃ ተሞልታ ነበር። የአንግሊካኑ ጳጳስ ዲኒስ ሴንጉላኔ ከአገሪቱ የክርስቲያን ምክር ቤት ጋር በ1995 አንድ ሥራ ጀመሩ፤ መሣሪያውን ላስረከበ ሰው የስፌት መኪና፣ ብስክሌት ወይም የእርሻ መሣሪያ ይሰጠው ጀመር። ከተቆራረጠው ብረት የተወሰነውን የከተማዋ ቀራጮች ወሰዱት። ኬስተር በሚል ስም የሚታወቀው ክሪስቶቫው ካንያቫቶ በ2001 ከጠመንጃ ክፍሎች ወንበር ሠራ። በ2004 ደግሞ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ከሦስት ሜትር በላይ የሚረዝመውን «የሕይወት ዛፍ» አቆመ።

ጳጳሱን ያነሣሣቸው ሰይፍ ማረሻ እንደሚሆን የሚናገረው የኢሳይያስ ትንቢት ነው። እኔን የሚያስቆመኝም እዚህ ላይ ነው። ትንቢቱ ማረሻ ይላል እንጂ ሐውልት አይልም። ያ ብረት ለአንድ የከምባታ ቀጥቃጭ ቢደርሰው ኖሮ ቃሉን እንደ ወረደ ይፈጽመው ነበር።

ማረሻ ግን ስለ ትናንቱ አይናገርም። ብረት እሳት ገብቶ ሲቀጠቀጥ ታሪኩም አብሮት ይጠፋል፤ ገበሬው የያዘው ቀድሞ ባሌስትራ ይሁን አፈሙዝ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። ቀጥቃጩ ለብረት የሚሰጠው ምሕረት ይህ ነው። ቀራጩ ይህን ምሕረት ይነፍገዋል። በኬስተር ወንበር መደገፊያ ላይ ያሉት ሰደፎች ዛሬም ሰደፍነታቸው ያስታውቃል፤ መግደላቸው ቢቀርም መመስከራቸው አልቀረም። እናም መረሳቱ ማንንም የማይጎዳ ብረት ወደ ቀጥቃጩ ይሂድ፣ መረሳቱ የሚጎዳን ደግሞ አደባባይ ይቁም እላለሁ።

የአዲስ አበባው የጥበብ ሰው የኤልያስ ስሜ ሥራ ግን ይህን ፍርዴን ይፈትነዋል። ከመርካቶ የሚሰበስበው የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ ማንንም አልገደለም። ይሁንና ማረሻም ማጭድም አይወጣውም፤ ከቀጥቃጩ እጅ የነጠቀው ነገር የለም። ደግሞም እነዚያ ሽቦዎች የስንቱን ሰው ድምፅና መልእክት አሳልፈዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ሐውልት ቢሆን ብክነት ሊባል አይችልም።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ከአሮጌ ዕቃ ጥበብ የፈጠረውን ሰው ዓለም በሙዚየም ያከብረዋል፤ ከአሮጌ ብረት ማረሻ ያወጣውን ግን እኛ በከምባታም፣ በሀዲያም፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል ጋብቻ እስከ መንፈግ ድረስ ለዘመናት ንቀነዋል። ሁለቱም ሌላው ሰው ያበቃለት ባለው ነገር ውስጥ ገና ያልተነካ ነገር ያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱን ጥበበኛ፣ ሌላውን ዝቅተኛ ያሰኘው ሥራቸው ሳይሆን የእኛ ትዕቢት ነው።

በአገራችንም ጠመንጃ የሚሰበሰብበት ቀን ሲመጣ አብዛኛውን ለቀጥቃጮቻችን እንስጥ። ጥቂቱ ግን ሳይቀልጥ ይቆይና በየከተማው አደባባይ ይቁም፤ በሐውልቱም ላይ ከቀራጩ ስም ጎን የቀጥቃጩ ስም ይጻፍ።