ዝንባሌ ራሱ ኃጢአት ነውን?

በአገራችን «ጥንተ አብሶ» እየተባለ ስለሚጠራው የክርስትና ትምህርት ብዙዎቻችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግረን እናልፋለን፤ «የአባትን ዕዳ ለልጅ ያሸክማሉ» እንላለን። ነገር ግን ክርስቲያኖች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የላቸውም። ከመንቀፍ በፊት መስማት ይገባል።

የትምህርቱ ዋነኛ ተሟጋች እ.ኤ.አ. በ354 በዛሬይቱ አልጄሪያ ምድር የተወለደው አውግስጢኖስ ነው። «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ጡት የሚጋራውን ሌላ ሕፃን በቅናት ዓይን ሲመለከት ማየቱን ያወሳል። ሕፃናት ንጹሕ የሚመስሉን ጉልበት ስለሌላቸው እንጂ ልባቸው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም ባይ ነው። ከብሪታንያ የመጣው ፔላግዮስ ግን፣ ሰው የማይችለውን አምላክ አያዘውም ሲል ተከራከረ። በ418 የካርታጎ ጉባኤ የፔላግዮስን ትምህርት አወገዘ። አውግስጢኖስም ሳይጠመቁ የሚሞቱ ሕፃናት ቅጣታቸው እጅግ ቀላል ቢሆንም ከኩነኔ አያመልጡም እስከ ማለት ደረሰ።

ለመሆኑ ያ ሕፃን ምን አጠፋ? ምናልባት ርቦት ይሆናል! አማርኛችን እንኳ ለጉልምስና «አቅመ አዳም» የሚል ስም ሰጥቶታል፤ እዚያ ያልደረሰን ልጅ በእስልምና ማንም ተጠያቂ አያደርገውም።

ሆኖም ዝንባሌ ሌላ፣ በደል ሌላ ነው። የሉተር ተከታዮች በ1530 በአውግስቡርግ ባቀረቡት የእምነት መግለጫ ዝንባሌው ራሱ ኃጢአት ነው አሉ። ካቶሊኮች ደግሞ በ1546 በትሬንት ጉባኤያቸው፣ ከጥምቀት በኋላ የሚቀረው ምኞት ወደ ኃጢአት ይጎትታል እንጂ በራሱ ኃጢአት አይደለም ብለው ወሰኑ። ይህ የኋለኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቁርኣንም ነፍስ በክፉ አዛዥ መሆኗን አይክድም፤ በልብ ውል ያለ ክፉ ሐሳብ ግን ካልተሠራበት ወይም ካልተነገረ አያስጠይቅም። የምንለያየው በውርሱ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ አደም ተጸጸተ፣ አላህም ተቀበለው፤ ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

ፍርድ እንዳይጓደል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሲጋራ ለማቆም አሥር ጊዜ ምሎ አሥር ጊዜ የተመለሰን ሰው ፔላግዮስ «ትችላለህ» ብሎ ብቻ ይሸኘዋል። የዚያን ሰው ሕመም የተረዳው አውግስጢኖስ ነው። ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ እኛም በየሶላቱ እርዳታ በመለመን እንመሰክራለን። ይህ እውነት ግን ለአዋቂው እንጂ ለአራሱ ልጅ የሚሠራ አይመስለኝም።

በ2007 የቫቲካን የነገረ መለኮት ኮሚሽን ሳይጠመቁ ስለሚሞቱ ሕፃናት ሰነድ አውጥቶ ነበር። ይድናሉ ብሎ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለ ይላል። ልጇን ሳታስጠምቅ ለቀበረች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ሰነዱ የሰጣት ተስፋን እንጂ እርግጠኛነትን አይደለም።