ጭንብልና በር ጠባቂ

ሰው ለእንጀራው ሲል ማንነቱን ቢሸሽግ ውሸታም ይባላልን? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታይቶ ወዲያው የቀረ «ወርክ ኢት» የተባለ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው። ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ ጃንዋሪ 3 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ጀመረው፤ ሁለት ክፍል ብቻ አሳይቶ በዚያው ወር በ13ኛው ቀን ሠረዘው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሴንት ሉዊስ ከተማ ሊ እና ኤንጀል የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ከመኪና መሸጫ ሥራቸው ይወጣሉ። ሊ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ለሻጭነት የሚቀጥረው ሴቶችን ብቻ መሆኑን ይሰማል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ተኳኩሎ ይሄድና ይቀጠራል፤ ጓደኛውንም ያስከትላል። ሚስቱ ግን ይህን አታውቅም።

ችግራቸውን ፈጠራ ነው አንልም። በአሜሪካ በኦክቶበር 2009 ከመቶ ሠራተኛ 10ሩ ሥራ ፈት ነበር። የግንባታና የፋብሪካ ሥራ ክፉኛ ስለተመታ ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ በብዛት ከሥራ ወጥተዋል። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ቀሚስ ቢለብስ እኛ አንፈርድበትም። እኛ ስደተኞች በተለይ እንዴት እንፈርዳለን? ዲፕሎማውን ደብቆ ለቀን ሥራ የሚሰለፍ መምህር፣ ቀጣሪው እንዳይሸሸው ስሙን የሚለውጥ ሰው በየስደቱ አገር አለ።

ታዲያ የድራማው ጥፋት ምኑ ላይ ነው? በመጀመሪያ፣ ከወንዶቹ ወዳጆች አንዱ ሥራውን ሁሉ ሴቶች እየወሰዱት ነው ብሎ ያማርራል፤ ታሪኩም ይህንኑ ተከትሎ ይሄዳል። እውነቱ ግን በዚያው በ2012 ሙሉ ጊዜ የምትሠራ አሜሪካዊት መካከለኛ ሳምንታዊ ደመወዝ ከወንዱ ደመወዝ ከመቶ 81 ያህሉ ብቻ ነበር። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ሴት ብቻ እቀጥራለሁ ያለውን ኩባንያ ማንም አልጠየቀውም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰውን በጾታው ምክንያት አልቀጥርም ማለትን ይከለክላል። ሕግ የጣሰው በር ጠባቂው ሆኖ ሳለ፣ ሳቁ የወረደው በሩን ለማለፍ ቀሚስ በለበሰው ላይ ነው።

ይህ ሳቅ ሌሎችንም ነክቷል። ድራማው ገና ሳይታይ ሁለት የመብት ተሟጋች ድርጅቶች «ቫራይቲ» በተባለው መጽሔት ላይ ሙሉ ገጽ ገዝተው ተቃወሙ። ሊ ማታ ቤቱ ሲገባ ቀሚሱን ያወልቃል፤ ማውለቅ የማይችለውስ? በሚሺጋን የምትኖር ኤሚ ስቲቨንስ፣ ሲወለዱ ወንድ ተብለው ራሳቸውን ግን ሴት አድርገው ከሚያውቁ ሰዎች አንዷ ነበረች። በአንድ የቀብር አገልግሎት ድርጅት ስድስት ዓመት ያህል በወንድ ልብስ ሠራች። በ2013 ለአሠሪዋ ደብዳቤ ጽፋ፣ ከእንግዲህ በሴትነቴ እሠራለሁ አለች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተባረረች። ለእርሷ ጭንብሉ ኮቱና ክራቫቱ ነበር፤ እንጀራዋን ያጣችውም እርሱን ላውልቅ ባለች ጊዜ ነው። ያ የ1964 ሕግ እርሷንም ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። ጁን 15 ቀን 2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ይጠብቃል ብሎ ፈረደ። ኤሚ ግን በሜይ ወር አርፋ ስለነበር ፍርዱን አልሰማችም።

በእኛ አስተያየት እንግዲህ፣ ጭንብል ሁሉ ንጹሕ ነው አይባልም። ጭንብል ለብሶ የሌላውን ድርሻ የሚነጥቅ አለ፤ እርሱ ሌባ ነው። ነገር ግን ያለ ጭንብል የማያስገባ በር ባለበት ቦታ፣ ውሸቱን የጀመረው በሩን የሠራው ነው። እንዲህ ያለ ቀጣሪ እውነተኛውን ሰው አልፈልግም ብሎ አስቀድሞ ነግሮናልና፣ ተታለልሁ ብሎ ሊከስስ አይገባውም።

ውድ አንባቢያን፣ በሰልፉ ከጎናችሁ የቆመው ሰው በሌላ ስም ሲጠራ «አቤት» ብሎ ቢያልፍ፣ ከመሳቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ በዚያኛው ስሙ ቢመጣ ኖሮ ያስገቡት ነበርን?