የምትወጂውን ጠንቅቀሽ ውደጂ

ልጄ፣ እናትሽ ስለ አንቺ ያላትን ስጋት አጫውታኛለች። ከሥራ ስትመለሺ ዘፈን፣ ማታ ፊልም፣ ቅዳሜና እሑድ የመኪና ወሬ፤ «ዕድሜዋን በዋዛ ፈዛዛ ልትጨርሰው ነው፣ አንድ ነገር በላት» አለችኝ። እንግዲህ ልልሽ የምፈልገው ይህን ነው፤ አትተዪያቸው። ዘፈኑንም ፊልሙንም መኪናውንም አሁን ከምትወጂያቸው አብልጠሽ እንድትወጂያቸው እፈልጋለሁ።

እናትሽን ግን አትቀየሚያት። ይህ ስጋት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ መታየት ሲጀምር ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። አዝማሪውን ማታ እያጨበጨበ ሸልሞ፣ ጠዋት የገዛ ልጁ አዝማሪ እንዳይሆንበት የሚጸልይ አባትም ጥቂት አልነበረም። ጨዋታ ከሥራ ላይ የተሰረቀ ጊዜ ሆኖ በሚታይበት ቤት ነው ያደግነው፤ በዚህ አልስማማም። ሲደክም የዋለ ሰው ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር ያስፈልገዋል። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ዘፈኑ ተከፍቶ የሚያዳምጠው ሲጠፋ፣ ፊልሙ እየታየ ዓይንሽ ስልክሽ ላይ ሲሆን። እንዲህ ያለፈ ምሽት ሥራም ዕረፍትም ሳይሆን ይቀራል። በማግስቱ ከእሱ የምታስታውሺው አታገኚም።

ለሙዚቃ ስለማዳላ በእሱ ልጀምር። ስልክሽ ላይ የዓለም ዘፈን ሁሉ አለልሽ፤ ግማሹን ሳትጨርሺ ወደሚቀጥለው ታልፊያለሽ። በሸክላ ዘመን ላደግነው ይህ ምርጫ አልነበረንም። ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በአንዱ ፊት አንድ ዘፈን፣ ሲገለበጥ ሌላ አንድ ዘፈን ነበረው፤ በቃ። ያንኑ ደጋግመን ስንሰማ ቤዙን ከጊታሩ፣ ትራምፔቱን ከሳክስፎኑ መለየት ሳናውቀው ተማርን። ድህነትን እያሞገስኩልሽ አይደለም፤ የአንቺ ዕድል ከእኛ ይበልጣል። ብቻ ሲትረፈረፍልሽ መምረጡና መገደቡ የአንቺ ፋንታ ሆኗል። በሳምንት አንድ ዘፈን ምረጪ። መጀመሪያ እንዲሁ ስሚው። ሁለተኛ ቃሉን ትተሽ ቤዙን ብቻ ተከተዪው። ሦስተኛ ከበሮው የት እንደሚያርፍና የት እንደሚዘል አድምጪ። በአራተኛው ግጥሙን ስትሰሚ ዘፋኙ የትኛውን ቃል ለምን እንደጎተተው ይገባሻል።

ያ ሸክላ እንዴት እጃችን እንደገባ ብታውቂ ደግሞ ጣዕሙ ይለወጥብሻል። ሸክላ የማስቀረጽና የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ቴአትር ቤት ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ዐምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ያንን ተላልፎ የራሱን ዐምሃ ሬከርድስ አቋቋመ፤ በመጀመሪያ ያወጣውም የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አሳተመ። ዛሬ «የድሮ ዘፈን» እያልሽ በስልክሽ ከምትሰሚው ስንቱ በዚያ ወጣት ድፍረት የተረፈ ነው! ስለዚህ ዘፈን ስትወጂ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ማን እንዳሳተመው ጠይቂ። የአዲሶቹን ደግሞ በገንዘብሽ ግዢ። የሚገለብጥ እንጂ የሚገዛ ባጣ አገር ሙዚቀኛ ሙያውን ይዞ አይቆይም።

ቅኝትንም ለይተሽ ብታውቂ ደስ ይለኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ብቻ የሚቆሙ ናቸው። የሚለያያቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ለዚህ መጽሐፍ አትፈልጊ። አንድ ትዝታ በክራር ብቻ ሲመታ ስሚ፤ ቀጥለሽ በሙሉ ባንድ የተሠራ ሌላ ትዝታ አድምጪ። መሣሪያው ሁሉ ተለውጦ ያልተለወጠው ነገር ቅኝቱ ነው፤ ጆሮሽ ራሱ ይይዘዋል። ከዚያ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ክፈቺ። ጌታቸው ሽለላን ከጀግናው ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። ሽለላ በሰው አንደበት ሰምተሽ የምታውቂ ከሆነ ትንፋሹ የት እንደሚወጠርና የት እንደሚፈነዳ በዚያ ናስ ውስጥ ታገኚዋለሽ። እኔ እስከዛሬ ስሰማው ከመቀመጫዬ ያስነሳኛል።

ስለ ጆሮሽ አንድ ነገር ተናግሬ ወደ ፊልሙ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ብትሰሚ አይጎዳሽም፤ 90 ሲደርስ ግን የሚፈቀድልሽ በሳምንት 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ የውጩን ጫጫታ ለመሸፈን ማዳመጫሽን እስከ ጥግ የምትከፍቺው ነገር እንግዲህ በከንቱ የሚከፈል ዕዳ ነው። የጠፋ የመስማት ኃይል አይመለስም።

ሦስቱም ፍቅሮችሽ ባንድ ላይ የተገናኙበት ፊልም ልጠቁምሽ። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ነው፤ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪውን ወስዷል። ቢል መሬይ የሚጫወተው ዶን የሚባል ብቸኛ ሰው የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ይወጣል። ጎረቤቱ ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው። ለመንገዱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ዶንም በተከራየው መኪና ያንን ከፍቶ ይነዳል። የምንሰማው የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ነው። ሙላቱ ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስ፣ ለንደንና ቦስተን ተምሮ፣ በእኛ አምስት ድምፅ ላይ ጃዝን ያዋሐደ ሰው ነው። ልብ በይ፤ ዶን እምብዛም አይናገርም፣ ፊቱም እምብዛም አይንቀሳቀስም። መንገዱ ሲሮጥና ሙዚቃው ሲመላለስ ግን በውስጡ ያለው ይሰማሻል። ዳይሬክተሩ ለተዋናዩ ንግግር ከመጻፍ ይልቅ ሙዚቃውን አስቀመጠለት። አዲስ አበባ ውስጥ ለጭፈራና ለሻይ ግብዣ ይሰማ የነበረ ሙዚቃ ከ30 ዓመት በኋላ የአንድ አሜሪካዊ ብቸኝነት ማሳያ መሆኑ እስካሁን ይደንቀኛል።

ፊልም ስታዪ ይህንኑ ፈልጊ፤ በቃል ያልተባለውን ምን ተናገረው? ብርሃኑ ነው? ዝምታው ነው? ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው? የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ገና ካላየሽው በዚህ ዓይን እዪው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ጀርመን ተምሮ የተመለሰ አንበርብር የሚባል ሐኪም የትውልድ መንደሩ ይገባል፤ ታሪኩ ከዛሬ ወደ ትናንት፣ ከትናንት ወደ ልጅነት ይዘላል። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። አቋርጠሽ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ካልሽ ትዝታው የሚመላለስበት ምት ይጠፋብሻል። ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪና ባንድ መቀመጫ ጨርሺው። ሙዚቃውን ከሠሩት አንዱ ጆርጋ መስፍን ስለሆነ ለጆሮሽም ሥራ አለው።

የአማርኛን ፊልም በጅምላ አትናቂ፤ በጅምላም አታድንቂ። ብዙዎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁሉን በንግግር መጨረሳቸው ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሰሚው ምንም የማይቀርብሽ ፊልም የሬዲዮ ድራማ ነው እንጂ ፊልም አይባልም። ግን ከመካከላቸው አንድ ጥሩ ሲመጣ ሲኒማ ቤት ገብተሽ፣ ከሰው ጋር ተቀምጠሽ እዪው። መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ሲስቅና ባንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ቤትሽ የማታገኚው ነገር ነው። ከወጣሽ በኋላ ደግሞ አብሮሽ ካየው ሰው ጋር ቡና ጠጥተሽ ተከራከሪበት።

ወደ መኪናው ስመጣ አንቺን የሚመስል አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ እሱ እዚያው ቀረ፤ እንደ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ዋሽንግተን ዙሪያ የታክሲ ሹፌር ሆነ። ኪቦርዱን ግን ከታክሲው ኋላ ጭኖ ይዞር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፈረንጅ እጅ ገባና በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያጨበጭብለት ለራሱ ደስታ ሲጫወት ኖሯል። እንዲህ ያለውን ሰው ሥራ ፈት የሚለው ማን ነው?

መኪና መውደድና መኪና መግዛት ግን ለየቅል መሆናቸውን ያዢልኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሰባት ዓመት ባለፈው ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ዕቁብሽን፣ ብድርሽንና የእናትሽን ጥሪት አሟጠሽ ለጎረቤት ዓይን የምትገዢው መኪና ደስታሽን ይወስደዋል። ጎማ በተቀየረ ቁጥር ልብሽ የሚደነግጥ ከሆነ ያ መዝናኛ አይደለም።

ፍቅሩ ከጋራዥ ይጀምር። የኔን ቮልስ ታውቂያታለሽ። ፊቷን ብትከፍቺ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተር የላትም፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተኝተው በአየር ይቀዘቅዛሉ። ሌላው መኪና ዳገት ላይ ውኃ ሲያፈላ እሷ የምትወጣው ለዚህ ነው። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ስትወጣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር። ካንዴላ ማውጣትና ማጽዳት፣ ዘይት መለካት፣ ፍሪሲዮን ማስተካከል በእሷ ላይ መማር ትችያለሽ። መካኒኩ «አንቺ እዚያ ጋ ተቀመጪ» ቢልሽ አትቀመጪ። በትሕትና ቆመሽ እዪ፤ ቁልፍ አቀብዪ፤ ጠይቂ። ጥሩ መካኒክ ለሚጠይቀው ሰው ይናገራል።

ስትነጂ ደግሞ መንገዱን አክብሪ። ከጣርማበር ዋሻ ወጥተሽ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ነው የምትገቢው። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግለዋል፤ ዘይቱም ይፈላል፤ ከዚያ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝሽ አድርገሽ ውረጂ። የኤሌክትሪክ መኪና የያዝሽ እንደሆነ ቁልቁለቱ ባትሪሽን እየሞላ ይይዝሻል፤ ብቻ ከላይ ስትነሺ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚቀበለው ቦታ ስለሌለ ያ መያዝ ይደክማል። ይህን የማይነግሩ ሻጮች አሉ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ያንኑ መንገድ ይዘሽ ኮምቦልቻ ዝለቂ። ወደ ቀኝ ታጥፈሽ ባቲ ግቢ፤ ሰኞ ብታደርጊው ገበያዋ ቆሞ ታገኚያለሽ፣ ከደጋ የወረደውና ከአፋር የመጣው ሰው እየተገበያየ። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሰሽ፣ ደሴን አልፈሽ ወደ ሰሜን አምባሰል አለልሽ። ለመንገድሽ ሁለቱን ቅኝት በየስማቸው ለይተሽ ጫኚ፤ ባቲን ባቲ ላይ፣ አምባሰልን አምባሰል ሥር አድምጪ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ተራ እየተቀያየረ የሚነዳ፣ ዘፈን ሲከፈት ወሬ የሚያቆም ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። ከመነሳትሽ በፊት ስኮርታው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ እንደሚሠራ እዪ። ጎማ መቀየር ካልቻልሽ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እኔ ነዪ፤ ቮልሷን ደጃፍ አውጥቼ እጠብቅሻለሁ፤ ብሎኑን የምትፈቺው ግን አንቺ ነሽ።