ሞተሩ የተለወጠ መኪና ያው መኪና ነውን?

አንድ ነገር ክፍሎቹ እየተተኩ ራሱን ሆኖ ይቀጥላል ወይ የሚለው ጥያቄ በፍልስፍና ታሪክ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው። ፕሉታርክ በጻፈው የቴሴዎስ የሕይወት ታሪክ እንደተተረከው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን ባለ ሠላሳ መቅዘፊያ መርከብ ለትውልዶች ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በምትኩ ጠንካራ እንጨት ይገጥሙ ስለነበር፣ ፈላስፎቹ መርከቡ ያው ነው በሚሉና አይደለም በሚሉ ሁለት ወገኖች ተከፍለው ነበር። ምሳሌው ዝነኛ ይሁን እንጂ ጥያቄውን በጥቂቱ ያቀለዋል፤ ሳንቃ ሳንቃን ሲተካ የመርከቡ ፍጥነትም ሆነ የሚሸከመው ጭነት አይለወጥምና። ጥያቄው ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው የሚተካው ክፍል የነገሩ የኃይል ምንጭ ሲሆን፣ አዲሱም ከአሮጌው የተለየ ዐቅም ሲኖረው ነው። ለዚህ ደግሞ በአሜሪካ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የተመረቱት “መስል ካር” የሚባሉት መኪኖች፣ ማለትም ለተራ ቤተሰብ በታሰበ አካል ላይ ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተጫነባቸው፣ ከመርከቡ የተሻለ መመርመሪያ ይሆናሉ።

ከእነዚህ መካከል ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ዐይኑን ከሚጥልባቸው አንዱ ሸቭሮሌት ኖቫ ነው። ኖቫ በ1968 አዲስ አካል ለብሶ ሲወጣ፣ ገዢው በዚያው ቆርቆሮና በዚያው ኮፈን ሥር 153 ኩቢክ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሊትር ገደማ ይዘትና 90 የፈረስ ጉልበት ካለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ጀምሮ፣ 396 ኩቢክ ኢንች ይዘትና 375 የፈረስ ጉልበት እስካለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ድረስ መምረጥ ይችል ነበር። የአርስቶትል ተከታዮች አንድን ነገር ያንን ነገር የሚያሰኘውን ባሕርያዊ፣ ቢኖርም ባይኖርም ነገሩን የማያጠፋውን ደግሞ ተደራቢ ብለው ይለያሉ፤ በዚህ መለኪያ ፋብሪካው ራሱ ሞተርን ከተደራቢው ወገን እንደመደበው ግልጽ ነው፣ አለዚያ 90ውም 375ቱም በአንድ ስም ሊሸጡ ባልተገባ ነበር። ነገር ግን አንድም የመስል ካር ወዳጅ ይህን አይቀበልም፤ ለእርሱ ባለ አራት ሲሊንደሩ ኖቫ የመስል ካር ልብስ የለበሰ የገበያ መመላለሻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ለኖቫነት ተደራቢ፣ ለመስል ካርነት ግን ባሕርያዊ ይሆናል፤ “ያው ነው ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ “ያው ምን?” ለሚለው መልስ ሊኖረው ይገባል።

ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኘው ኖቫ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ሞተር ይዞ የተወለደ ወይም የራሱን ሞተር ያጣ በመሆኑ፣ ባለቤቱ የተረፈ ሞተር ፍለጋ ወደ አሮጌ መኪኖች ማከማቻ ይሄዳል፤ እዚያም ሁለት ዋና መንገዶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው 350 ኩቢክ ኢንች የሆነው የሸቭሮሌት ሞተር ነው። የሞተሩ ቤተሰብ በ1955 የተጀመረ፣ 350ው ራሱ በ1967 ካማሮ ከተባለው የሸቭሮሌት መኪና ጋር የወጣ ሲሆን፣ የ1968ቱ ኖቫ ከካማሮ ጋር አንድ ዓይነት የፊት ሻንሲ ስለሚጋራ ሞተሩ ብዙ ሳያስቸግር በቦታው ይቀመጣል። በብዙዎቹ የ350 ብሎኮች ጀርባ 3970010 የሚል የቀለጠው ብረት ሲፈስ የወጣ ቁጥር ይነበባል፤ ይኸው ቁጥር በጭነት መኪናም በኮርቬትም ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሞተር የትኛውም መኪና የእኔ ብቻ ነው ሊለው የማይችል፣ ከመነሻው ለመዘዋወር የተሠራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከ1999 ጀምሮ በሸቭሮሌት ፒክአፖች ላይ የተገጠመው ባለ 5.3 ሊትሩ ሞተር ነው። በብዛት ስለተመረተ ርካሽ ነው፣ ብሎኩ የብረት ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ በአጎራባች ሲሊንደሮች ማዕከላት መካከል ያለው ርቀትም ልክ እንደ 1955ቱ 4.4 ኢንች ነው። ሆኖም በኖቫ ውስጥ ሲገባ እንግድነቱ ይጋለጣል። ከሥሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ሣጥን ጥልቅ በመሆኑ ከፊተኛው ተሻጋሪ ብረት በታች ወርዶ ስለሚንጠለጠል በሌላ መለወጥ አለበት፤ መቀመጫው ስለማይገጥም በመካከል አገናኝ ብረት ይፈልጋል፤ በካርቡራተር ፈንታ በኮምፒዩተር የሚመራ የነዳጅ መርጫ ስላለው ሙሉ የሽቦ መረብ ይሻል፤ አሮጌው ፓምፕ ስድስት ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ሲሰጥ ይህኛው ሃምሳ ስምንት ገደማ ስለሚጠይቅ የነዳጁ መስመር እስከ ጋኑ ድረስ እንደ አዲስ ይታሰባል። ለደካማ ሞተር የተሠራው ባለ ከበሮ የፊት ፍሬንና የኋላው ዲፍሬንሻልም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

እዚህ ላይ ጆን ሎክ በ1694 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ስለ ማንነት የጨመረው ምዕራፍ ይረዳል። ሎክ የቁስ ክምችትንና ሕይወት ያለውን ነገር ይለያል፦ ክምችት አንዲት ቅንጣት ስትጎድለው ሌላ ክምችት ይሆናል፤ የዋርካን ያህል የገዘፈ ዛፍ ግን ቁሱ ሁሉ ቢለወጥ፣ ክፍሎቹን ለአንድ ሕይወት የሚያስተባብረው ሥርዓት እስከቀጠለ ድረስ ያው ዛፍ ነው። መኪና ሕይወት ባይኖረውም ክፍሎቹ ለአንድ ዓላማ የተቀናጁ ስለሆኑ መለኪያው ለእርሱም ይሠራል። እንግዲህ ተገቢው ጥያቄ አዲሱ ሞተር ወደ ነበረው ቅንጅት ይገባል ወይስ ቅንጅቱን በራሱ ዙሪያ እንደገና ያዋቅረዋል የሚል ነው። 350ው ይገባል፤ 5.3ቱ ግን ከሞላ ጎደል ያዋቅራል። አንድ ክፍል ሌሎቹ እንዲለወጡለት በጠየቀ ቁጥር ተተኪነቱ እየቀነሰ መሥራችነቱ ይጨምራል፤ በዚህ ጸሐፊ ፍርድ የማንነት ልዩነቱ ከሞተሩ ዕድሜም ሆነ ከጉልበቱ ይልቅ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የሰብሳቢዎች ገበያ ግን ሌላ መለኪያ አለው። በሸቭሮሌት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ላይ፣ በተሳፋሪው በኩል ከቴስታታው ፊት ለፊት ባለች ጠፍጣፋ ገጽ ሞተሩ የተገጣጠመበት ፋብሪካና ቀን፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህም የመኪናው መለያ ቁጥር የተወሰነ ክፍል ተመትቶ ይገኛል፤ ቁጥሩ ከሻንሲው ጋር የሚገጥም መኪና “ቁጥሩ የተስማማ” ይባልና ዋጋው ይወደዳል። ችግሩ ይህች ገጽ የብሎኩ የላይኛ ገጽ አካል መሆኗ ነው፤ ሞተሩ ሲታደስ ብሎኩ በማሽን ከተላገ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ከመኪናው ጋር የተወለደው ሞተር ማስረጃ አልባ ሆኖ ይቀራል፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ብሎክ ደግሞ በአጭበርባሪ እጅ አዲስ ቁጥር ተመትቶበት እንደ ልጅ ሊቀርብ ይችላል፤ አዋቂዎችም ፋብሪካው ገጹን ሲልግ የተዋቸውን ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች በአጉሊ መነጽር እስከመፈለግ ይደርሳሉ። ማስረጃው ከነገሩ ተለይቶ የራሱ ሕይወት ኖሮታል ማለት ነው። ፋብሪካው እንኳ በዋስትና ዘመን የተበላሸውን ሞተር “ሲ ኢ” የሚል ፊደል በተመታበት ብሎክ ሲተካ፣ ደንበኛው ሌላ መኪና ተረከበ ብሎ አላሰበም።

ይባስ ብሎ፣ ገበያው ራሱ በመለኪያው አይጸናም። በፔንሲልቬንያ ካኖንስበርግ የሸቭሮሌት ሻጭና ተወዳዳሪ የነበረው ዶን የንኮ ከ1967 ጀምሮ 427 ኩቢክ ኢንች ሞተሮችን በካማሮዎች ላይ ይገጥም ነበር፤ እነዚያ ሞተራቸው የተለወጠ መኪኖች ዛሬ ከሞላ ጎደል ከሁሉም ካማሮዎች በላይ ይፈለጋሉ። አንድ መካኒክ በጋራዡ ያንኑ ቢያደርግ መኪናው ዋጋ ያጣል። በብረቱ ላይ የተፈጸመው ድርጊት አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱን የለየው ማን፣ መቼ አደረገው የሚለው ታሪክ ብቻ ነው።

የየአገሩ ሕግም ወደየራሱ መለኪያ ያዘነብላል። በአሜሪካ ከ1969 ወዲህ የመለያ ቁጥሩ በፊት መስታወቱ በኩል እንዲታይ ግዴታ ሆኗል፣ የባለቤትነት ሰነዱም ይህንኑ ይከተላል፤ ስለዚህ ሞተር ቢወጣ ቢገባ መኪናው ያው ነው። በኢትዮጵያ ግን ሊብሬው የሻንሲ ቁጥርንም የሞተር ቁጥርንም ጎን ለጎን ስለሚይዝ፣ ሞተር መለወጥ የመኪናውን የተመዘገበ ማንነት በከፊል እንደ መለወጥ ይቆጠራል። ሁለቱም አሠራሮች ለየራሳቸው ዓላማ ትክክል ናቸው፤ አንዱም ግን የፍልስፍናውን ጥያቄ አይዘጋም።

ቶማስ ሆብስ በ1655 ባሳተመው ድርሳኑ የመርከቡን እንቆቅልሽ አክብዶታል፤ የተነሡትን ሳንቃዎች አንድ ሰው አስቀምጦ በቀድሞ ሥርዓታቸው ቢገጥማቸው ሁለት “ያው መርከቦች” ሊኖሩ ነው። የኖቫው አሮጌ ሞተርም በሌላ ኖቫ ላይ ሊገጠም ይችላል፤ ሞተር ብቻውን ግን መኪና ስላልሆነ የመጀመሪያውን ማንነት ይዞ አይሄድም፣ የተመታበት ቁጥር ብቻ ወደ ኋላ ይጠቁማል። አስቸጋሪው ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ሞተሩን መልሶ ገዝቶ ወደ ቦታው ሲመልሰው ነው። ሎክ አንድ ነገር ሁለት የህልውና መነሻ ሊኖረው አይችልም ይላል፤ ስለዚህ ባዕድ ሞተር የያዘው ኖቫ ያው አልነበረም፣ አሁን ግን ሆነ የሚል ሰብሳቢ፣ በመካከል ያለፉትን ዓመታት በዚያ ስም ማን ሲነዳ እንደነበር ማስረዳት ይኖርበታል፤ ሁልጊዜም ያው ነበር የሚለው ግን ለቁጥሩ የሚከፍለውን ተጨማሪ ገንዘብ ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።