የዘይድ አባት ስም

 

ሰኞ የቱርሚ ገበያ ቀን ነው። የሐመር እናቶች ከየመንደሩ ይመጣሉ። ከእነሱ መካከል የወለደችው ልጅ በሕይወት መኖሩን የማታውቅ ልትኖር ትችላለች። በአካባቢው «ሚንጊ» የሚባል ልማድ አለ። የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ የተወለደ ወይም የወላጆቹ ሥርዓት ሳይፈጸም የተጸነሰ ሕፃን እንደ እርግማን ይታያል። ጎረቤቶቻቸው ካራዎች በ2004 ዓ.ም. ልማዱን ማቆማቸውን አውጀዋል። ከሞት የተረፉ ልጆችም ጂንካ ውስጥ አድገዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስ ተርፏል። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ልጅን ያሳደገ ሰው የልጁን ዘር የመሸፈን መብት አለው?

ጥያቄው ስዊድን ድረስ ይሄዳል። ታዋቂው የምግብ ባለሙያ ማርከስ ሳሙኤልሰን ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ነበር፤ የእህቱ ደግሞ ፋንታዬ። እናታቸው በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ጎተንበርግ የሚኖር ቤተሰብ በጉዲፈቻ ወሰዳቸው፤ ፋንታዬም ሊንዳ ተባለች። አባታቸው የሞተ ይመስላቸው ነበር። ኋላ ግን እህቱ ፈልጋ ፈልጋ አባትየው ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት እንዳለ ታወቀ። ከሌላ እናት የተወለዱ ወንድሞችና እህቶችም ተገኙ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ስዊድናውያኑ ወላጆች በፍቅር ነው ያሳደጓቸው። ያ ሁሉ ፍቅር ግን «ከማን ተወለድኩ?» የሚለውን ጥያቄ አላስቀረውም።

በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ጥያቄው አሁን የኛው ቤት ነው።

ዘይድን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ገና ልጅ ሳለ ተማርኮ ለባርነት ተሸጠ፤ ኋላም ከኸዲጃ (ረ.ዐ) ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ገባ። አባቱ ሓሪሳ ሲፈልገው ኖረ። በሐጅ ወቅት የጎሳው ሰዎች መካ ላይ አይተው አወቁት፤ አባትና አጎት ቤዛ ይዘው ገሰገሱ። ረሱል ቤዛ አልጠየቁም፤ ምርጫውን ለራሱ ለልጁ ተዉለት። ዘይድም ከሳቸው ጋር መቅረትን መረጠ። እሳቸውም በሕዝብ ፊት ልጄ ነው አሉ፤ አባቱም ልቡ ረግቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ «ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ» ይለው ጀመር።

እንግዲህ ከዚህ የበለጠ አሳዳጊ የት ይገኛል? ሆኖም ሱረቱል አሕዛብ ሲወርድ፣ ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ታዘዘ። ዘይድም ወደ «ኢብኑ ሓሪሳ» ተመለሰ። ፍቅሩ አልተነካም፤ የተመለሰው ስሙ ብቻ ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ፣ ከሰሓቦች መካከል በስሙ ቁርኣን ውስጥ የተጠቀሰው እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? የቲም ወይም የዘመድ ልጅ እናመጣና «እንዳይከፋው» ብለን ትምህርት ቤት በራሳችን ስም እናስመዘግባለን። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ የምንፈራው ለራሳችን ነው፤ ካወቀ ጥሎን ይሄዳል እያልን። ዘይድ እኮ አባቱን እያወቀ ነው የቀረው! ደግሞስ ኒካሕ ሲመጣ? ወንድሙን የማያውቅ ሰው እህቱንም አያውቅም። የውርስን ጣጣ አላነሳሁም። አባቱ ጨርሶ ለማይታወቅ ልጅም ያው አንቀጽ የሃይማኖት ወንድምነትን ሰጥቶታል፤ የፈጠራ አባት አያስፈልገውም።

«ዘመዶቹ ሙስሊም ካልሆኑስ?» የሚል ይኖራል። ቱርሚ አካባቢ ይህ የታሰበ ነገር አይደለም፤ የልጁ እናት ሐመር ናት፣ የራሷ እምነት አላት። የአቡበክር ልጅ አስማእም (ረ.ዐ) ይህ ገጥሟታል። ያልሰለመች እናቷ መዲና ድረስ መጣችባት። አስማእ ምን እንደምታደርግ ጨንቋት ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። እናቷን እንድትቀበልና ዝምድናዋን እንድትቀጥል ነገሯት።