ክብር የሚያድረው በመሬቱ ነው ወይስ በእጁ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቮዥ ተራሮችና በራይን ወንዝ መካከል በተዘረጋው የአልሳስ ምድር ግን ለወይን ቦታ የክብር ስም የሚያወጣለት የመንግሥት ድንጋጌ ነው። በነጭ ወይን ጠጁ የታወቀው ይህ አገር አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል፤ ክብር የሚገባው ለመሬቱ ነው፣ ለሠራተኛው ወይስ ሁለቱን ለሚዳኘው ሕግ?

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ድንጋጌ በአልሳስ «ግራን ክሩ» የተሰኘውን ማዕረግ አቋቋመ። ፍቺው እጅግ የላቀ የወይን ቦታ እንደ ማለት ነው። በቅድሚያ ማዕረጉን ያገኘው ሽሎስበርግ የተባለው ተዳፋት ሲሆን ዛሬ ባለማዕረጎቹ 51 ደርሰዋል። ሽሎስበርግ 80 ሄክታር ያህል ሲሸፍን ካንዝለርበርግ ከ3 ሄክታር ብዙም አያልፍም። ወይኑ ከድንበሩ ውስጥ መብቀሉም ብቻውን አይበቃም። ፍሬው በእጅ መለቀም አለበት፤ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርትም ከተራው የአልሳስ ወይን ማነስ ይኖርበታል። ዝርያው ደግሞ በጥቅሉ ከሪስሊንግ፣ ከገቩርትስትራሚነር፣ ከፒኖ ግሪና ከሙስካ አንዱ ሊሆን ይገባል።

ለዚህ ሕግ ጥብቅና መቆም አያስቸግርም። ጠጪው ጠርሙሱን እንጂ ተዳፋቱን አያይም። የሽሎስበርግ ግራናይትና የሌላው ኮረብታ የኖራ ድንጋይ ለአንዱ ሪስሊንግ የተለያየ ጣዕም እንደሚሰጡት በዐይኑ ሊያረጋግጥ አይችልም። ሕግ ባይኖር ኖሮ ምርቱን ቀንሶ ለጥራት የሚደክመው ገበሬ የኮረብታውን ስም ያለ ድካም በሚዋስ ነጋዴ ይበለጥ ነበር። ስለዚህ ድንበሩ የሚጠብቀው መሬቱን ሳይሆን እውነትን ነው።

ይሁን እንጂ ድንበር የሚያሰምረው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል፣ ይደራደራልም። አንዳንዶቹ ቦታዎች ከሚገባቸው በላይ ሰፍተው ተከለሉ የሚል ወቀሳ ከጥንቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል። ከታወቁት የወይን ቤቶች አንዱ የሆነው ትራምባክ «ክሎ ሴንት ኡን» የተባለውን ዝነኛ ሪስሊንጉን የሚያገኘው ሮዛከር ከተባለው ባለማዕረግ ቦታ ነው፤ ሆኖም ለብዙ ዘመን ማዕረጉን በጠርሙሱ ላይ ሳይጽፍ ኖሯል። የተሰጠን ክብር አለመልበስም ራሱን የቻለ ፍርድ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ የሚገባቸው በውጭ ሊቀሩ ይችላሉ። ሚተልበርግሃይም በምትባለው መንደር የሚገኘው ዞትዘንበርግ በሲልቫነር ወይኑ የታወቀ ነበር። ሲልቫነር ግን ከአራቱ «ከበሬታ ካላቸው» ዝርያዎች አልተቆጠረም። ስለዚህ ኮረብታው ማዕረግ ሲያገኝ ስሙን ያስጠራለት ዝርያ ግን ማዕረጉን ተነፈገ። ይህ የተቃናው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በ2022 ደግሞ በሄንግስትና በኪርሽበርግ ደ ባር ለቀዩ ፒኖ ኗር ተመሳሳይ በር ተከፈተ። ሕጉ የተከበረው ስሕተት ስለሌለበት ሳይሆን ስሕተቱን ለማረም ስለተገደደ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ማዕረግን መናቅ ይሻል ይሆን? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ማዕረጉን መተው የሚችለው የራሱ ስም ያለው ነው። የታላቁ ቤት ጠርሙስ በቤተሰቡ ስም ይሸጣል፤ ሁለት ሄክታር የማይሞላ ቦታ ያለው ገበሬ ግን ከኮረብታው ስም በቀር የሚጠራበት የለውም። ለባለጸጋው ጌጥ የሆነው ማዕረግ ለእርሱ እንጀራው ነው። የባለጸጋው እምቢታ የሚያስከብረው ቢሆንም ለድኻው ሕግ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ የምንረዳው የቦታ ስም የማንም የግል ሀብት አለመሆኑን ነው። በአንድ ተዳፋት ላይ ብዙ ባለይዞታዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ስሙ ግን አንድ ነው። ከመካከላቸው አንዱ በማዕረጉ ተማምኖ ቢሰንፍ የሚያጎድለው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ድርሻ ነው። ሕግ ሄክታሩን ሊለካ፣ ዝርያውን ሊቈጥር፣ ምርቱንም ሊመዝን ይችላል፤ ገበሬው ማንም በማያየው ሰዓት ግንዱን እንዴት እንደ ገረዘው ግን ሊያውቅ አይችልም። ያ የኅሊና ድርሻ ነው። ማዕረግ ለመሬቱ ይሰጥ እንጂ ዕዳው የሚወድቀው በሰው ላይ ነው፤ ዕዳውም በየመከሩ እንደ አዲስ ይከፈላል።