በፊት ላይ የሚሣል ጥላ

በዛሬው ዘመን «ኮንቱር» ተብሎ የሚጠራው የፊት አቀባብ ኃጢአት ነውን? ይህን ከመመለሳችን በፊት አሠራሩን እንመልከት።

ብርሃን ከላይ ሲወርድ ከፍ ያለው ያበራል፥ ጐድጐድ ያለው ይጠቍራል። ስለዚህ ከጉንጭ አጥንት በታችና በአፍንጫ ግራና ቀኝ ጠቈር ያለ፥ በአፍንጫ ሸንተረር ላይ ፈካ ያለ ቀለም ሲቀባ፥ ሰፊው ፊት ቀጭን፥ ደፍጣጣው አፍንጫ ሰልካካ መስሎ ይታያል። አጥንቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተሳሳተው የተመልካች ዓይን ነው።

እኛ ጌጥን አንነቅፍም፤ እናቶቻችንም ሲኳሉና እንሶስላ ሲሞቁ ኖረዋል። ኩልና እንሶስላ ጌጥ መሆናቸውን በግልጥ ይናገራሉ፤ ጥላው ግን ቀለም መሆኑ ሲሰወር ብቻ ሥራውን ይፈጽማል። ለተቀባችው ልጅ የምንፈራላትም፥ ማታ ታጥባ በመስተዋት ስትመለከት የፈጣሪዋን ሥራ እንደ ጉድለት እንዳትቈጥረው ነው።

ይሁን እንጂ ለፍርድ አንቸኵል። ጌታችን በተራራው ትምህርቱ የገሠጸው ጿሚ ለመባል ፊቱን የሚያጠወልገውን ግብዝ ነው። ያለ ቀለም ጉንጩን ያጐደጐደ እርሱ ነውና፥ ኃጢአቱ በማስመሰል እንጂ በቀለም አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እኛስ በሕዝብ ፊት ስንቆም ያልኖርንበትን ትሕትና በገጻችን አልሣልንምን? እንግዲህ እኅታችንን «ታጠቢ» ከማለታችን አስቀድሞ እኛው ፊታችንን እንታጠብ።